ለኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ተገጣጣሚ ካቢኔት፦ ከልኬት እስከ ገጠማ

ጀሞም ሆነ ሰሚት፣ የካ አባዶም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ወለል ላይ የተደረደረ ዕቃ ነው። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ መወልወያ፣ በረኪና፣ ኦሞ። ከዚያ የሶፍት እሽግ፣ የሻምፑ ጠርሙሶች፣ በር ላይ የተንጠለጠለ እርጥብ ፎጣ። ወለሉን ደግሞ ሽንት ቤቱ፣ የእጅ መታጠቢያውና ሻወሩ ቀድመው ተካፍለውታል። ሰው የሚቆምበት ቦታ ከሁሉም የተረፈው ነው።

ብዙ ሰው መፍትሔው ከሱቅ አንድ ደህና ካቢኔት ገዝቶ ማስገባት ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሱቅ ያለው ካቢኔት የተሠራው ለእናንተ ግድግዳ አይደለም። ጥልቀቱ በዝቶ በሩን ያግዳል። ወይም ስፋቱ አንሶ በጎንና በጎኑ ምንም የማይገባበት ክፍተት ይተዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከኋላው ያለ ቧንቧ ማፍሰስ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ካቢኔቱን ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ግድ ይሆናል።

የሚሻለው ልካቸው አንድ የሆነ ትንንሽ ሳጥኖችን ማሠራት ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ይሰቀላል፣ ለብቻው ይወርዳል። የቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ አንዱን ብቻ ታወርዳላችሁ። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ስትለቁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። እዚህ የምነግራችሁ አሠራር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ በእጅ ወይም በካቻቢቴ የማይፈታ ነገር ግድግዳው ላይ አይወጣም።

መጀመሪያ የውሃውን ቦታ ወስኑ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ስለ ሻምፑ መደርደሪያ ከማሰባችሁ በፊት ስለ ውሃ ማጠራቀሚያው አስቡ። ሞልቶ የቆመ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባለ 100 ሊትር በርሜል ሲሞላ ከ100 ኪሎ ያልፋል። ይህ ክብደት ግድግዳ ላይ አይወጣም፤ ቦታው ወለል ነው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው። ወለሉ ለውሃ፣ ግድግዳው ለሌላው ሁሉ።

ለጀሪካን ከሁሉ የሚመቸው ቦታ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ነው። ብዙ ሰው እዚያ ካቢኔት ያስገባል። እኔ ግን ክፍት አድርጋችሁ እንድትተዉት እመክራለሁ። ሲፎኑ (የፍሳሹ ጠማማ ቧንቧ) እና የቧንቧው መዝጊያ ያሉት እዚያው ስለሆነ፣ ውሃ ማፍሰስ ከጀመረ መጀመሪያ የሚረጥበው የዚያ ካቢኔት ወለል ነው። ጀሪካን ግን ቢረጥብ ምንም አይሆንም። ጀሪካኖቹ እንዳይታዩ ከፈለጋችሁ በቀጭን ዘንግ ላይ አጭር የፕላስቲክ መጋረጃ ስቀሉ። መጋረጃው ከወለል ትንሽ ከፍ ይበል፤ መወልወያ እንዲያልፍ።

በርሜል የምትጠቀሙ ከሆነ ቅርጹን አስቡበት። ክብ በርሜል ከተቀመጠበት አራት ማዕዘን ቦታ ከአምስት አንድ እጁን ያህል ያባክናል፤ አራቱ ማዕዘኖች ባዶ ይቀራሉ። አራት ማዕዘን የሆነ የውሃ ዕቃ ካገኛችሁ በዚያው ቦታ ላይ በርካታ ሊትር ትጨምራላችሁ። ከታች ቧንቧ የተገጠመለት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በጆግ ለመቅዳት ከበርሜሉ በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ ቧንቧ ካለው ግን ያ ቦታ ለመደርደሪያ ይተርፋል።

ልኬት፦ በሩን አትርሱ

ሜትር፣ ወረቀትና እስኪርብቶ ያዙ። አራቱንም ግድግዳ ለየብቻ ሳሉ። የሚያምር ሥዕል አይጠበቅባችሁም፤ አራት ማዕዘን በቂ ነው። በእያንዳንዱ ላይ የማይነኩትን ነገሮች አስገቡ፦ መስኮት፣ ቧንቧ፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ሶኬት፣ ቦይለር፣ የሻወር ራስ። ስፋትን ስትለኩ ሦስት ቦታ ለኩ፤ ከታች፣ ከመሐል፣ ከላይ። ልስኑና ሴራሚኩ ቀጥ ያለ ስለማይሆን ልዩነቱ አንዳንዴ ከ1 ሳንቲ ሜትር (ሳ.ሜ.) ይበልጣል። የምትሠሩበት ትንሹን ቁጥር ይዛችሁ ነው።

ለምሳሌ ስፋቱ 120 ሳ.ሜ.፣ ርዝመቱ 190 ሳ.ሜ. የሆነ መታጠቢያ ቤት እንውሰድ። የወለሉ ስፋት 2.28 ካሬ ሜትር ነው። በሩ 70 ሳ.ሜ. ሆኖ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚጠርገው ቦታ ወደ 0.38 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ከወለሉ አንድ ስድስተኛው ማለት ነው። በዚያ ቦታ ላይ ምንም ነገር ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ከማንኛውም ካቢኔት በፊት በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ማስቀየር ይቻል እንደሆነ እዩ። የቤቱ ባለቤት ከሆናችሁና ኮሪደሩ ከፈቀደ፣ ከዚህ በላይ ቦታ የሚያስገኝ ሥራ የለም። አንድ አናጢ ማጠፊያውንና የበሩን ማቆሚያ አዙሮ ይገጥመዋል። ሌላም ጥቅም አለው። ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩ በሰውነቱ አይታገድም። አረጋውያን ያሉበት ቤት ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ፊት ለፊት 60 ሳ.ሜ. ያህል ነጻ ቦታ ይቅር። ከመቀመጫው መሐል ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢያንስ 38 ሳ.ሜ. ተዉ። እዚህ ውስጥ የሚገባ ካቢኔት ጉልበትን ወይም ትከሻን ይመታል።

ቦይለሩን በተመለከተ ጠንቀቅ በሉ። ከሥሩ ያለው ክፍተት ለመደርደሪያ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን እዚያ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ አለ። ውሃው ሲሞቅ ከዚያ ቫልቭ ጠብ ጠብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። ቫልቩን የሚሸፍን ወይም የሚደፍን ምንም ነገር አታስጠጉ። ከቦይለሩ ሥር 30 ሳ.ሜ. ያህል ባዶ ይሁን። የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያም ክዳኑ ወደ ላይ ተነስቶ መውጣት አለበት። ተንሳፋፊው ሲበላሽ የሚጠገነው በዚያ በኩል ነው።

ግድግዳው ላይ ያለ ያልታየ ቦታ

ትልቁ ቦታ ከሽንት ቤቱ በላይ ያለው ነው። የውሃ ማጠራቀሚያው አናት ብዙ ጊዜ ከወለል 80 ሳ.ሜ. አካባቢ ላይ ነው። ከ120 ሳ.ሜ. ጀምራችሁ ወደ ላይ እያንዳንዳቸው 60 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 40 ሳ.ሜ. ቁመትና 20 ሳ.ሜ. ያህል ጥልቀት ያላቸውን ሁለት ሳጥኖች ብትደራርቡ፣ በውጭ ልካቸው ከ90 ሊትር በላይ ይሆናሉ። ከአራት ጀሪካን የሚበልጥ ቦታ ማለት ነው። ዛሬ እዚያ ያለው ባዶ ሴራሚክ ነው።

ጥልቀቱ 20 ሳ.ሜ. ብቻ መሆኑ አያሳስባችሁ። ሶፍት ከ10 እስከ 12 ሳ.ሜ. ቢፈልግ ነው። የሻምፑ ጠርሙስ ከዚያ ያንሳል። ፎጣ ተጣጥፎ ካልገባ ተጠቅልሎ ይገባል። እንዲያውም ጥልቅ መደርደሪያ ጠላት ነው። ከፊት ያለው ከኋላ ያለውን ይደብቃል፤ ቤት ውስጥ ያለ ሳሙና የለም ተብሎ ሌላ ይገዛል።

ሁለተኛው ከበሩ በላይ ያለው ነው። እዚያ ላይ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የለም። በሩ ከላይ 210 ሳ.ሜ. ላይ ቢያልቅና ጣሪያው 255 ሳ.ሜ. ቢሆን፣ 40 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ሳጥን ይገባል። በየቀኑ የማይነካውን እዚያ አውጡት፦ የሶፍት እሽግ፣ ትርፍ ሳሙና፣ የእንግዳ ፎጣ። በርጩማ ላይ ቆማችሁ የምታወርዱት ስለሆነ ጠርሙስና ከባድ ነገር አታስቀምጡ።

መስታወቱ ያለበት ቦታም ካቢኔት መሆን ይችላል። ጥልቀቱ ግን ከ12 ወይም ከ13 ሳ.ሜ. አይለፍ። ፊት ለመታጠብ ጎንበስ ሲባል ግንባር እንዳይመታ ነው። የጥርስ ብሩሽ፣ ቅባት፣ ማበጠሪያና መላጫ እዚያ ይገባሉ። መድኃኒት ግን አይደለም። እንፋሎትና ሙቀት መድኃኒትን ያበላሻል፤ ቦታው መኝታ ቤት ነው፣ ልጅ በማይደርስበት።

ከበሩ ጀርባ 10 ሳ.ሜ. ብቻ ካላችሁ መስቀያ ይበቃዋል። ካቢኔት አትሞክሩ።

ከማዘዛችሁ በፊት በካርቶን ሞክሩት

ይህን አትዝለሉት። የዕቃ ካርቶን ቁረጡና በምትፈልጉት ልክ ሳጥን ሠርታችሁ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ከዚያ ጥቂት ቀን ኑሩበት። ከሽንት ቤት ስትነሱ ጭንቅላታችሁን ይነካል? በሩ ይመታዋል? ቁመቱ አጠር ያለ ሰው የላይኛው መደርደሪያ ይደርስበታል? ካርቶኑን በመቀስ ማሳጠር ይቻላል። የተቆረጠ ጣውላ ግን አይረዝምም።

ከምን ይሠራ?

ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) መታጠቢያ ቤት አይግባ። ጠርዙ አንዴ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ አይመለስም። ተራ ኤምዲኤፍም (ከደቀቀ የእንጨት ቃጫ የተጨመቀ ጣውላ) ከዚህ ብዙም አይሻልም። እርጥበት የሚቋቋም ኤምዲኤፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲቆረጥ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ቀለሙ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ሻጩን በግልጽ ጠይቁት፣ ከተቻለም ቁራጭ ወስዳችሁ ባልዲ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት። በማግስቱ ውፍረቱን ለኩ። ብዙ ካበጠ አትግዙት።

የፒቪሲ ቦርድ፣ ማለትም የፕላስቲክ ጣውላ፣ ውሃን ጨርሶ አይፈራም፤ ለሻወር ቅርብ ለሆነ ሳጥን የምመርጠው እሱን ነው። ችግሩ ለስላሳ መሆኑ ነው። ብሎን እንደ እንጨት አጥብቆ አይዝም፣ ረጅም መደርደሪያም ይጎብጣል። ስለዚህ ከፒቪሲ የምታሠሩ ከሆነ የመደርደሪያው ርዝመት ከ50 ሳ.ሜ. በታች ይሁን። አልሙኒየም ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ነው፤ የመስኮት ሠራተኞች ይሠሩታል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

የትኛውንም ብትመርጡ የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ መታሸግ አለበት። የማይታየው የኋላው ጠርዝም ጭምር። ውሃ የሚገባው በዚያ በኩል ነው፤ ሠራተኞች ጊዜ ለመቆጠብ የሚዘሉትም ያንኑ ነው።

ልኩን ከጣውላው ጋር አስማሙ

ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የጣውላ ልክ 122 በ244 ሳ.ሜ. ነው። የሳጥኑን ጥልቀት 20 ሳ.ሜ. ድፍን ካደረጋችሁት ከ122ቱ ስድስት ቁራጭ ማውጣት ጭንቅ ነው፤ መጋዙም በየቁርጡ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ይበላል። 19.5 ሳ.ሜ. ብታደርጉት ግን ስድስቱ ያለ ጭንቀት ይወጣሉ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር መቀነሱ አገልግሎቱን አይነካውም።

አሁን ሳጥኑን እናስላ። ውጩ 60 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 40 ሳ.ሜ. ቁመት፤ ጣውላው ባለ 18 ሚሊ ሜትር። ሁለቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 40 ሳ.ሜ. ናቸው። ላይኛው፣ ታችኛውና የመሐሉ መደርደሪያ በጎኖቹ መካከል ስለሚገቡ 56.4 ሳ.ሜ. ይሆናሉ። ከስድስቱ ረጃጅም ቁራጮች አራቱን ለ56.4ቱ ስጧቸው፤ ከእያንዳንዱ አራት ይወጣል፣ በድምሩ 16። ሁለቱን ለጎኖቹ፤ ከእያንዳንዱ ስድስት፣ በድምሩ 12። ለአምስት ሳጥን የሚያስፈልገው 15 እና 10 ነው። ከአንድ ጣውላ አምስት ሳጥን ከነመደርደሪያቸው ወጡ ማለት ነው። በሩ፣ ጀርባውና የመስቀያው እንጨት ለብቻ ነው።

አምስቱ እንዲህ ይከፋፈላሉ፦ ሁለቱ ከሽንት ቤቱ በላይ፣ አንዱ ከበሩ በላይ፣ ሁለቱ ከሻወሩ ራቅ ባለው ግድግዳ ላይ። ልካቸው አንድ ስለሆነ ነገ ሐሳብ ብትቀይሩ ቦታ ይለዋወጣሉ። አንዱን አቁማችሁ ለመጠቀም ካሰባችሁ ግን ከመቆረጡ በፊት ተናገሩ፤ የመደርደሪያው አቅጣጫና ልክ ይለወጣል።

ለሠራተኛው የምትሰጡት ወረቀት ላይ ቁጥሩ የውጭ ልክ መሆኑን ጻፉ። አለበለዚያ አንዱ የውጭ፣ ሌላው የውስጥ እያሰበ 3.6 ሳ.ሜ. ይሳሳታል። «ወንድሜ፣ ሦስቱንም ልክ ከውጭ ነው የለካሁት፣ በሩ ሳይቆጠር» በሉት። ያ ይበቃል።

በር ሁሉም ሳጥን ላይ አያስፈልግም። መስኮት የሌለው ወይም መስኮቱ ትንሽ የሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተዘጋ ሳጥን በተለይ በክረምት ይሻግታል። በር የሚያስፈልገው በረኪና ላለበትና እንግዳ እንዲያየው ለማትፈልጉት ዕቃ ነው። በር ስታስገቡም 60 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው አንድ በር ሳይሆን ባለ 30 ሳ.ሜ. ሁለት በሮች ይሁኑ። ጠባብ ቤት ውስጥ ሰፊ በር ሲከፈት ሰውየው ወደ ኋላ መሸሽ አለበት፤ የሚሸሽበት ደግሞ የለም። የጀርባው ጣውላ ላይ ከላይና ከታች ጥቂት ቀዳዳ አስበሱ፤ አየር ይዘዋወራል።

መስቀያው

ሳጥኑን በቀጥታ ግድግዳ ላይ በብሎን ማሰር ይቻላል። እኔ ግን ከዚህ የሚሻል ዘዴ አለ እላለሁ። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 12 ሳ.ሜ. የሆነ ጠንካራ እንጨት ውሰዱ። መሐል ለመሐል በርዝመቱ ቁረጡት፤ ግን መጋዙ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ይቁረጥ። አሁን አንድ ጎናቸው ሰያፍ የሆነ ሁለት ቁራጮች አሏችሁ። አንዱ ግድግዳው ላይ ይታሰራል፤ ሰያፉ ጠርዝ ወደ ላይ ሆኖ ሹሉ ወደ እናንተ ይዞራል። ሌላው ሳጥኑ ጀርባ ላይ ይታሰራል፤ ሰያፉ ወደ ታች ሆኖ ሹሉ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሳጥኑን ከፍ አድርጋችሁ ስትለቁት አንዱ በአንዱ ላይ ይቀመጣል። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ለማውረድ ደግሞ ዕቃውን አውጥቶ ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው።

እንጨቱ ሳጥኑን ከግድግዳው ወደ 2 ሳ.ሜ. ያርቀዋል። ያ ክፍተት ጥቅም ነው፤ ሴራሚኩ ላይ የሚንጠባጠበው እንፋሎት ጣውላውን ሳይነካ ይወርዳል። ከታችም ያንኑ ውፍረት ያለው ትንሽ እንጨት ለጥፉ፤ አለበለዚያ ሳጥኑ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። እንጨቶቹን ከመግጠማችሁ በፊት በዘይት ቀለም ወይም በቫርኒሽ በሁሉም ጎናቸው ቀቡ።

የሳጥኑ ጀርባ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቀጭን ጣውላ ከሆነ ብሎን አይሸከምም። ከላይ ከውስጥ በኩል 8 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ማጠናከሪያ ከጎን እስከ ጎን ይግባበት፤ የመስቀያው ብሎን የሚነክሰው እሱን ነው። ለዚህ የሚሆነው ጣውላ ለበር ከምትገዙት ላይ ይተርፋል።

ሴራሚክ መብሳት

ሴራሚክ መሰንጠቅን ሁሉም ይፈራል። በትክክል ከተሠራ ግን አይሰነጠቅም።

መጀመሪያ ከብሬከሩ ላይ የመታጠቢያ ቤቱንና የቦይለሩን መስመር አጥፉ። ድሪሉን በኤክስቴንሽን ከሌላ ክፍል አምጡ፤ ወለሉ ደረቅ ይሁን። ከቧንቧ፣ ከሻወር፣ ከሶኬትና ከማብሪያ ቀጥታ በላይ፣ በታችና በጎን አትብሱ። ቧንቧና ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚሄዱት በዚያ መስመር ነው።

የግድግዳውን እንጨት በውሃ ልክ አስተካክላችሁ የሦስት ብሎን ቦታ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ከሴራሚኩ ጠርዝ ቢያንስ 3 ሳ.ሜ. ይራቅ። ምልክቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ ፑንታው (ድሪሉ ላይ የሚገባው መብሻ) እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። የሴራሚክና የመስታወት ፑንታ ተጠቀሙ፤ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ነው። መጀመሪያ በ6 ሚሊ ሜትር ጀምሩ፣ ከዚያ በ8 አስፉት። ድሪሉ እየመታ እንዲበሳ የሚያደርገውን፣ የመዶሻ ምልክት ያለበትን መቀየሪያ አጥፉ። በዝግታ ይዙር። ሌላ ሰው ጠብታ ውሃ በስፖንጅ ፑንታው ላይ ያድርግ እንጂ ውሃው ወደ ድሪሉ አይጠጋ። ሴራሚኩ ካለፈ በኋላ ወደ ተራ የግድግዳ ፑንታ ቀይሩ። ያኔም መዶሻውን አትክፈቱ። የኮንዶሚኒየም የውስጥ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። መዶሻ ቀጭኑን ግድግዳ ከውስጥ ይሰባብረዋል።

ፑንታው ድንገት ተቃውሞ አጥቶ ወደ ውስጥ ከገባ ባዶው ጋር ደርሳችኋል። እዚያ አጭር ተራ ፊሸር (ብሎኑን እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) ይሽከረከራል እንጂ አይዝም። ለባዶ ግድግዳ የሚሆን፣ ሲጠብቅ ከኋላ የሚቋጠር ወይም የሚከፈት ፊሸር ጠይቁ። ግድግዳው ድፍን ከሆነ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸርና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ይበቃል። የብሎኑ ርዝመት እንጨቱን፣ ሴራሚኩንና ልስኑን አልፎ ብሎኬቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከ7 ሳ.ሜ. አይነስ። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን።

አሁን የምለውን ብዙ ባለሙያ እንኳ ይዘለዋል። ፊሸሩ ከሴራሚኩ ጋር እኩል ሆኖ መቅረት የለበትም። በብሎን ወይም በሚስማር ጫፍ እየገፋችሁ ሴራሚኩን አልፎ ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። ብሎን ሲገባ ፊሸሩ ይሰፋል፤ የሚሰፋው ሴራሚኩ ውስጥ ከሆነ ሴራሚኩን ይሰነጥቀዋል። በመብሳት ጊዜ ያልተሰነጠቀ ሴራሚክ ብሎን ሲጠብቅ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ብሎኑን ከማስገባታችሁ በፊት ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ሲሊኮን ጨምሩ፤ ውሃ በዚያ በኩል ወደ ግድግዳው አይገባም።

ሦስቱም ብሎኖች ከጠበቁ በኋላ እንጨቱን በሁለት እጃችሁ ወደ ታች ጎትቱት። ከተንቀሳቀሰ ሳጥኑን አትስቀሉ። አንድ ሳጥን በሻምፑና በፈሳሽ ሳሙና ሲሞላ ከ10 ኪሎ በቀላሉ ያልፋል፤ አንድ ሊትር ጠርሙስ ብቻውን አንድ ኪሎ ያህል ነው። የሚወድቀው ደግሞ ሽንት ቤት የተቀመጠ ሰው ላይ ነው።

ማሸግና መደርደር

ለሻወር ቅርብ በሆነ ሳጥን ላይ ውሃ ከላይ ወደ ጀርባው እንዳይወርድ የመስቀያውን እንጨት የላይ ጠርዝ ከሴራሚኩ ጋር ሻጋታ በማይዘው የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አሽጉ። ከታች አታሽጉ። የገባ ውሃ መውጫ ያስፈልገዋል። ሳጥኑን ራሱን ከግድግዳው ጋር አታጣብቁት፤ እንዲወርድ ነው የሠራነው። ሲሊኮኑ እስኪደርቅ 24 ሰዓት ሻወር አይከፈት።

ዕቃ ስትደረድሩ በቤቱ ሰው ቁመት አስቡ። በየቀኑ የሚነካው ከደረት እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ላይ ይሁን። የልጆች ሳሙናና ብሩሽ እነሱ በሚደርሱበት ቦታ ትንሽ መስቀያ ወይም ቅርጫት ይሰጣቸው፤ አለበለዚያ የሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ይወጣሉ።

በረኪናን በተመለከተ አጥብቄ እናገራለሁ። ልጅ በማይደርስበት፣ በር ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ለብቻው ይቀመጥ። አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት። ሁለቱ ከተቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠባብና አየር የሌለው ክፍል ውስጥ ይህ ሳንባን የሚጎዳ፣ ሕይወትንም የሚያጠፋ ነው። በረኪናን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥም ይቅር። የተጠማ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያውቅም።

መወልወያውንና መጥረጊያውን ከወለል አንሷቸው። ከሳጥኖቹ በአንዱ ጎን ላይ መንጠቆ ግጠሙና ራሳቸው ወደ ታች ሆኖ እንዲንጠለጠሉ አድርጉ። ቶሎ ይደርቃሉ፣ አይሸቱም። ሳፋውም ግድግዳ ላይ በመንጠቆ ይሰቀል፤ ቀላል ስለሆነ ለግድግዳው አያስቸግርም።

ተከራይ ከሆናችሁ

ከመብሳታችሁ በፊት አከራዩን አስፈቅዱ። ፈቃዱ በቃል ሳይሆን በመልእክት ቢሆን ይመረጣል። ካልፈቀዱ ከሽንት ቤቱ ግራና ቀኝ ወለል ላይ የሚቆም ረጅም የብረት መደርደሪያ አለ፤ ብረት ሠራተኛም በልክ ይበይደዋል። ሳጥኖቹን በእሱ ላይ በብሎን እሰሩ፣ አናቱንም እንዳይወድቅ ከመስኮቱ ብረት ወይም ከሌላ ጽኑ ነገር ጋር አያይዙት። እግሮቹ ላይ የጎማ ጫማ ይግባ፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ብረት ይንሸራተታል፣ ዝገቱም ወለሉን ያበላሻል።

ስትለቁ ሳጥኖቹን አውርዳችሁ የግድግዳውን እንጨት ፍቱ። ፊሸሩን በጉጠት ካወጣችሁ በኋላ ቀዳዳውን በነጭ ሲሚንቶ ሙሉ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አስተካክሉት። የሴራሚኩ ቀለም ነጭ ካልሆነ ለሴራሚክ መገጣጠሚያ ከሚሸጠው ባለቀለም ሙሌት የሚመስለውን ምረጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ሳጥንና የራሱን እንጨት በማርከር አንድ ዓይነት ቁጥር ስጧቸው፤ ብሎኖቹን በፌስታል አድርጋችሁ በየሳጥኑ ውስጥ በፕላስተር ለጥፉ። አዲሱ ቤት ስትደርሱ ሜትሩን አውጥታችሁ መጀመሪያ የበሩን አከፋፈት እዩ።